ቡራዩ ተቀምጦ ኤሲ ማሠራት

አዎ፣ ቡራዩ ተቀምጬ የመኪና ኤሲ አሠርቻለሁ። ምን ይጠበስ?

ምን እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ሰፈሩ ሁሉ ሲለኝ ስለከረመ በቃሌ ይዤዋለሁ። «ከገፈርሳ የሚመጣው ብርድ አልበቃህ ብሎ ነው?» «መስኮቱን ዝቅ አታደርገውም? እሱም ኤሲ ነው።» ይህን የሚመክረኝ ሰው ታክሲ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠች ልጅ መስኮቱን ጣት በሚያሾልክ ስፋት ስትከፍት «እባክሽ ዝጊው፣ ይመታኛል» የሚለው ያው ራሱ ነው። በእኛ አገር ሰው መኪና ቢገጨው ይነሣ ይሆናል፤ ንፋስ ከመታው ግን አለቀለት። አንገት ቢጣመም ንፋስ ነው፣ ወገብ ቢያዝ ንፋስ ነው፣ ትዳር ቢናጋም የሆነ ቦታ መስኮት ተከፍቶ ማደር አለበት። እንግዲህ መስኮት በማይከፍት ሕዝብ መካከል ቅዝቃዜ በገዛ እጄ ስፈልግ ብገኝ እብድ ተባልኩ።

እብድ አይደለሁም። ምክንያት ነበረኝ፣ እሱም ባለ አራት ፎቅ ነበር።

ባለቤቴ ሰናይት ቤት ውስጥ ኬክ ትሠራለች። እጇ ይባረክና የሠራችውን የቀመሰ ሰው ሌላ ቦታ አይሄድም። ነገር ግን ካቻምና ቢሾፍቱ ለሚከበር ልደት ባለ ሁለት ፎቅ ኬክ ሠርታ፣ በኮንትራት መኪና ይዘን ስንሄድ ገላን ላይ ከባድ መኪኖች መሐል ተቀረቀርን። ፀሐዩ በመስታወቱ እየገባ ጠበሰን። የላይኛው ፎቅ መጀመሪያ ዘመም አለ፣ ቀጥሎ ግድግዳ ፈለገ፣ በመጨረሻ አማቴ እትዬ አሰገደች ጭን ላይ ጋደም አለ። እትዬ አሰገደች ከእኛው ጋር ነው የሚኖሩት፤ ኬክ በተጓጓዘ ቁጥር ከኋላ ተቀምጠው የሚደግፉት እሳቸው ናቸው። ቅቤው በቀሚሳቸው ላይ ሲወርድ እንኳ አልተነቃነቁም። ሰናይት በዚያ ቀን አምርራ አለቀሰችና «ሁለተኛ እንዲህ ቢሆን ኦቨኑን ሸጬ እቀመጣለሁ» አለች። ሰናይት ያለችውን ታደርጋለች። እኔ ደግሞ ያላደረግሁትን እላለሁ፤ ሃያ ዓመት አብረን የኖርነው በዚህ ተደጋግፈን ነው።

መኪና የገዛነው ከዚያ በኋላ ነው። ያገለገለች መኪና ሱሉልታ ውስጥ አለች ተባልኩና በሐምሌ ጭጋግ ሄድኩ። ባለቤቷ ኦቦ ዱጋሳ፣ የሱፍ ቆብ ያደረጉ ጨዋ ሽማግሌ፣ ሞተሩን አስነሡልኝ። ውጪው ዝናብ፣ ውስጡ እንደ እናት ጉያ ሞቀ። ደስ አለኝ። ነገር አዋቂ ለመምሰል ግን «ኦቦ፣ ኤሲውስ ይሠራል?» ብዬ ጠየቅሁ።

«እንዴታ!» አሉኝ። «እዚህ መኪና ውስጥ አንድ ቀን በርዶኝ አያውቅም።»

እኔም ራሴን ነቅንቄ ገዛኋት። እባካችሁ መልሳቸውን ደግማችሁ አንብቡት፤ እኔ በደንብ የሰማሁት ከአሥር ወር በኋላ ነው።

አሥሩን ወር ኤሲውን ነክቼው አላውቅም። ቡራዩ ውስጥ ማን ይነካዋል? የበረዶ ምልክት ያለባት ቁልፍ ከመሪው ጎን ክሩስኮቱ ላይ ተቀምጣ ሳይ ግን ኩራት ይሰማኝ ነበር። ሚያዝያ ላይ ሰበታ ፋብሪካ የምትሠራ አንዲት ሙሽራ ለሰናይት ደወለች። ሰርጉ አዳማ ነው፣ በግንቦት፣ ኬኩ ባለ አራት ፎቅ፣ ክሬሙ የቅቤ። ሰናይት ፊቷ ገረጣ። «አዳማ በግንቦት አልችልም እህቴ፣ ይቅርታ» ልትል አፏን ስትከፍት እኔ ከሶፋው ላይ ጮህኩ፤

«ንገሪያት፣ መኪናችን ኤሲ አለው!»

ማንም አልጠየቀኝም። ሰናይት ግን አየችኝ፣ አመነችኝና እሺ አለቻት።

ሰርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ልሞክረው ብዬ ቁልፊቱን ተጫንኳት። መብራቷ በራች፤ ሙቅ አየር መጣ። ገና ስለተነሣ ነው፣ ይቀዘቅዛል አልኩ። አስኮ ስደርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። አብረውኝ ወጥተው ከኋላ የተቀመጡት እትዬ አሰገደች «ተባረክ ልጄ፣ እንዴት ደስ የሚል ሙቀት ነው» አሉኝ። ከሌላ ሰው ቢሆን አሽሙር ነው እል ነበር፤ እሳቸው ግን የልባቸውን ነው።

ቡራዩ ወደሚገኘው ወደ ማስተር ካሳ ጋራዥ ወሰድኳት። ማስተር ካሳ ኮፈኑን ከፈተው። የመኪና ኮፈን መክፈት ድንኳን እንደ መትከል ነው፤ ያልተጠራ ሰው ሁሉ ይመጣል። አንድ የባጃጅ ሹፌር ራዲያተሩን ጠረጠረ። ወደ ዕድር የሚሄዱ ሁለት አዛውንት «ውኃ አጥታ ነው» ብለው ፈረዱ። አንዲት ጎመን የያዙ ሴትዮ ቆም ብለው አይተው «የሰው ዓይን ነው» አሉና ሄዱ። ማስተር ካሳ ሁሉንም በትዕግሥት ሰምቶ እጁን በጨርቅ ጠረገና «ጋዝ ጨርሷል» አለ።

የማቀዝቀዣው ጋዝ ተሞላ። በማግሥቱ ማለዳ ልንሞክር ወደ ገፈርሳ ነዳን። ማስተር ካሳ አራቱንም መስኮት ዝቅ አደረገ። «የታመቀው ሙቀት መውጣት አለበት» አለኝ። ግድቡ አጠገብ ስንደርስ ጥርሴ መንቀጫቀጭ ጀመረ። «ይኸው!» አለ ማስተር ካሳ፣ «በረዶ!» እኔም በደስታ አንገቱን አቅፌ ሳምኩት። ቤት ደርሼ የመኪናዋን መስኮቶች ዘግቼ ለሰናይት ላሳያት ስል ውስጡ እንደ ምድጃ ሞቀ። ለካ ሲያበርደን የነበረው ገፈርሳ ነው።

ማስተር ካሳ ጋ ስመለስ «ጋዙ ወጥቷል ማለት ነው» አለና ደግሞ ሞላው። ሦስተኛ ጊዜ ሊሞላው ሲነሣ ቁልፌን ተቀበልኩት። ወሬው ግን ቀድሞኝ ዕድር ደርሶ ነበር። «የኤሲው ሰውዬ መጣ» ይሉኝ ጀመር። ሊቀመንበሩ ጭምር በቁም ነገር ስብሰባ ላይ «ሞቆህ ከሆነ ወደ በሩ ጠጋ በል» አለኝ። ተሳቀ። እዚያው ተቀምጬ፣ ይህ ኤሲ ካልቀዘቀዘ ቡራዩ አልኖርም ብዬ ማልኩ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ እኔን ሰበታ ድረስ አስኬደኝ።

ሰበታ ውስጥ ወልዴ የሚባል ሰው አለ ብለው ነገሩኝ። ከደቡብ መጥቶ ዓመታት ሙሉ ፋብሪካ ውስጥ የማቀዝቀዣ ክፍል ሲጠግን የኖረ፣ መዝሙር እያንጎራጎረ የሚሠራ ዝምተኛ ሰው ነው። ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ ያደረገው የግቢውን በር መዝጋት ነበር። ያን ጊዜ ነው የወደድኩት። ከዚያ እጄን ይዞ ሞተሩ አጠገብ ያለች አንዲት ቱቦ አስነካኝ። በረዶ ናት!

«ኤሲህ ጤነኛ ነው» አለኝ።

«ታዲያ ለምን ያቃጥለኛል?»

«ቅዝቃዜውን ይሠራል። አንተ ጋ ሳይደርስ የሚያሞቀው አለ።» ከክሩስኮቱ ጀርባ አንዲት ክዳን እንዳለች አስረዳኝ፤ ወዲህ ስትል አየሩ በቀዝቃዛው በኩል ያልፋል፣ ወዲያ ስትል በማሞቂያው በኩል። «ያንተ ማሞቂያው ላይ ተጣብቃለች። የሙቀት ቁልፉን አየኸው? እሱ ይዞራል፣ ክዳኗ ግን አትከተለውም።» ባትሪ አብርቶ ጎንበስ አለና ብሎኖቹን አየ። «ይህን ክሩስኮት ሰው ከፍቶታል። በቢላዋ ነው መሰለኝ የፈታው።»

«ክፈተውና አስተካክለዋ!»

«ምን እንዳደረገው ሳላውቅ ብፈታው ሦስት ቀን ይፈጃል፣ ፕላስቲኩም ይሰነጠቃል። ሰርጉ መቼ ነው አልከኝ?»

«እሑድ።» ዕለቱ ሐሙስ ነበር።

«እንግዲያው የድሮ ባለቤቷን ጠይቅ። የቋጠረ ሰው አፈታቱን አይስተውም።»

ቤት ስገባ ሰናይት የታችኛውን ፎቅ ከኦቨን አውጥታ እያቀዘቀዘች ነው። ፊቴን አይታ ስልኳን አነሣች። «ሙሽራይቱ ሌላ ሰው እንድትፈልግ ዛሬውኑ ልንገራት። በሰርጓ ቀን ከማዋርዳት ይሻላል» አለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ይልቅ ያስፈራኝ እሱ ነው። ዓይኗ ኦቨኑ ላይ ነበር፣ ገዢ ያገኘችለት ይመስል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በራሴ ምላስ አፍሬ አላውቅም። «እስከ ነገ ማታ ስጪኝ» አልኳት። ሰጠችኝ።

አርብ ጠዋት ወደ ሱሉልታ ወጣሁ። እትዬ አሰገደች «ብቻህን ተናደህ አትነዳም» ብለው ከኋላ ተሳፈሩ። እንጦጦን እስክናልፍ የምናገረውን እየደረደርኩ ነበር፤ አታለሉኝ፣ ሽማግሌ ሆነው አያፍሩም ወይ፣ ሌላም ሌላም። ኦቦ ዱጋሳ ግን በር ላይ ጠበቁኝ።

«አካም ጅርቱ? እንዴት ከረማችሁ? ልጆቹ? ሰፈሩ? ዝናቡስ እናንተ ጋ ጣለ?» የእኛን ጤና ጨርሰው የከብቶቻቸውን ነገሩኝ። ሱሉልታ ላይ ተቆጥቶ መናገር አይቻልም፤ ሰላምታው ሳያልቅ ቁጣው ያልቃል። ሲቀመጡ የቀረችኝ አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበረች።

«ኦቦ፣ ኤሲው ይሠራል ብለውኝ አልነበር?»

«አይሠራም እንዴ?» ደነገጡ።

«ሙቀት ነው እኮ የሚነፋው!»

ፊታቸው በራ። «ኧረ ዋቃዮ! አስደነገጥከኝ። ታዲያ ይሠራላ!»

ከዚያ በኩራት ተረኩልኝ። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ደረታቸውን ታመው በነበረ ጊዜ በየሳምንቱ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ያመላልሷቸው ነበር። «እንጦጦ ላይ ያለውን ቆራ ታውቀዋለህ፣ ያ ብርድ አጥንት ይገባል። የልጅ ልጆቼ ደግሞ ቁልፉን እየነካኩ ቀዝቃዛ ይለቁባታል። እኔ ምን አደረግሁ? ያቺን ክዳን ሙቀቱ ላይ በሽቦ አሳሰርኳት። ድርብ አድርገህ እሰር አልኩት ሠራተኛውን። ይኸው እስከ ዛሬ አልላላም!»

«እንዲህ ነው ባል!» አሉ እትዬ አሰገደች፣ እኔን እያዩ።

ሦስት ከተማ ያዞረኝ በሽታ በሽታ አይደለም፤ ተለፍቶበት የተሠራ ሥራ ነው። የኬኩን ነገር፣ የገላኑን ነገር፣ የሰናይትን ኦቨን ሁሉ ነገርኳቸው። ኦቦ ዱጋሳ በጥሞና ሰሙኝና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ለዳቦ ብለህ ሰው በንፋስ ልታስመታ ነው?»

«ኬክ ነው፣ ኦቦ።»

«ያው ነው። እኔ ለጤና ያሰርኩትን ለዳቦ አልፈታም። የት እንደታሰረም አላሳይህም።»

እትዬ አሰገደች «እውነታቸውን ነው» አሉ። የገዛ ልጃቸው ኬክ! ከንፋስ ጋር ሲሆን አማቴ ዘመድ አያውቁም። እኔም ብድግ አልኩ፤ ክሩስኮቱን በጥርሴም ቢሆን እፈታዋለሁ ብዬ ልወጣ ስል፣ ከጓዳ አዴ ጫልቱ መጡ። ጤናማ፣ ፈርጠም ያሉ ሴት ናቸው። ለባላቸው በኦሮምኛ ተናገሩ፤ የቡራዩ ልጅ ነኝና አንድም አላመለጠኝ።

«ፍታለት።»

«ጫልቱ፣ አንቺ ደግሞ...»

«ፍታለት አልኩህ። እዚያ መኪና ውስጥ ተቀቅያለሁ።»

«ምን ሆነሻል?»

«ተቀቅያለሁ! ሐኪም ቤት የምደርሰው ላብ በላብ ሆኜ ነበር። በሄድን ቁጥር ሐኪሙ ትኩሳት አላት እያለ ደም ያስቀዳኝ የነበረው ለምን ይመስልሃል? ደረቴ ከዳነ በኋላ እንኳ ከትኩሳቱ ለመዳን መኪናዋ መሸጥ ነበረባት።»

ኦቦ ዱጋሳ ቆባቸውን አወለቁ። «ለምን ሳትነግሪኝ?»

«ለእኔ ብለህ አሰርከዋ» አሉ አዴ ጫልቱ ቀስ ብለው። «ምን ብዬ ልንገርህ?»

ኦቦ ዱጋሳ ፒንሳ ይዘው ወጡ፤ በእርጅና ጉልበታቸው በመኪናዋ በር በኩል ተንበረከኩ፣ በክሩስኮቱ ሥር እጃቸውን እስከ ክንድ አስገብተው ሁለት ጊዜ ቆረጡ። ድርብ የታሰረው ሽቦ መዳፋቸው ላይ ቀረ። ቁልፉን ወደ ሰማያዊው ስመልሰው የመጣው ቅዝቃዜ ጉንጬን ሲመታው እንደ ልጅ ጮህኩ፤ ዶሮዎቻቸው አጥር ዘለሉ። ኦቦ ዱጋሳ ጣታቸውን አስጠጉና ወዲያው ሰበሰቡ። «ይሄ ይገድላል» አሉ። ከዚያ የሱፍ ቆባቸውን በእኔ ራስ ላይ አደረጉት። «በል፣ ከነዳህ ራስህን ሸፍን።»

እሑድ ተነሣን። አራቱ ፎቅ በአራት ካርቶን፤ ሁለቱ ኋላ ወንበር ላይ፣ አንዱ እትዬ አሰገደች ጭን ላይ፣ አንዱ ሰናይት ጭን ላይ። ኤሲው እስከ መጨረሻው ተከፍቷል። እትዬ አሰገደች በሁለት ጋቢ ተጠቅልለው ዓይናቸው ብቻ ይታያል፤ ከዚያው ውስጥ ሆነው ዳዊት ይደግማሉ። ሰናይት ጋቢ ደርባለች። እኔ ሱፍ ልብሴ ላይ ጋቢ፣ በላዩ የኦቦ ዱጋሳን ቆብ። የፍጥነት መንገዱ ክፍያ ላይ ያለችው ልጅ በላብ ተጠምቃ መስኮቷን ስትከፍት ሦስታችንን አይታ «ታማችኋል እንዴ?» አለችን። «ጤነኞች ነን!» ብዬ በጥርሶቼ መንቀጫቀጥ መካከል መለስኩላት። ሞጆን ስናልፍ እትዬ አሰገደች «ልጄ፣ ትንሽ ቀንሰው» አሉ። «አልቀንስም!» አልኩ። አማትን አልቀንስም ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ቢሆንም አልቀነስኩም።

አዳማ ስንደርስ ሙቀቱ ከአስፋልት ላይ ይነሣል። ከመኪናዋ ሦስት ጋቢ የለበሱ ሰዎች ኬክ ይዘው ሲወርዱ የሰርጉ ሰዎች ጭብጨባቸውን አቋረጡ። አንድ ሚዜ «ከየት ነው የመጣችሁት?» አለኝ። «ከቡራዩ» አልኩት። ሰናይት ፎቆቹን አንድ በአንድ ደረደረቻቸው። ቀጥ ብለው ቆሙ፤ አንዲት የክሬም አበባ እንኳ አልወደቀችም። ሙሽራይቱ መጥታ ስታቅፋት ሰናይት አለቀሰች። ልቅሶውን ከገላኑ ጋር አነጻጸርኩት፤ አይገናኙም። እኔም ቆቤን አውልቄ ትንሽ አለቀስኩ፤ ላብ ነው አልኩ።

ከዚያ ወዲያ ኤሲዬን ዘግቼው አላውቅም ነበር። ሰኔ ገባ፣ ሐምሌ ገባ፣ አልዘጋሁም። በረዶ ሲጥል እከፍታለሁ። የዕድሩ ሊቀመንበር አንድ ቀን ላድርስህ ብዬው ግማሽ መንገድ ላይ «እዚህ ይበቃኛል» ብሎ በዝናብ ወረደ። ነጻነት እንዲህ ነው አልኩ።

ባለፈው ሳምንት ክሪክ ስፈልግ ከፊተኛው ወንበር ሥር አንድ ፌስታል አገኘሁ። ውስጡ የሱፍ ካልሲ፣ ሹራብና የጉንፋን ቅባት ነበረበት። እትዬ አሰገደች በረንዳ ላይ ነበሩና «የእርስዎ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የሰናይት ነው» አሉ። «አንተ ነዳጅ ልትቀዳ ስትወርድ እሷ ትለብሰዋለች፣ አንተ ስትመለስ ታወልቀዋለች። አንዳንዴ ካልሲውን ማውለቅ ትረሳለች እንጂ።»

«ለምን አትነግረኝም?»

«ሦስት ከተማ ዞረህ ለእሷ ብለህ ያሠራኸውን? ምን ብላ ትንገርህ?»

ይህን ነገር የሆነ ቦታ ሰምቼዋለሁ አልኩ። የት እንደሰማሁት ሳስታውስ ክሪኩን ይዤ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

በማግሥቱ ሰናይትን ይዤ ስወጣ፣ ከንፈሯ ገና ከበራችን ሳንርቅ ወይን ጠጅ መስሎ ነበር። «ይበርድሻል እንዴ?» አልኳት። «ኧረ በፍጹም!» አለች፣ እጇን ብብቷ ውስጥ እየከተተች። ቁልፊቱን ሁለት ሦስት ጊዜ ጫን ጫን አደረግሁና የሙቀት ቁልፉን ወደ ቀዩ አዞርኩት። ፊቴን አኮሳተርኩ።

«ምን ሆነ?» አለች።

«ጋዝ ጨርሷል።»

«ውይ! ያሳዝናል» አለች ሰናይት፣ እጆቿን ወደ ሙቀቱ ዘርግታ። «ማስተር ካሳ ጋ ውሰደዋ። ግን እንዳትቸኩል።»

ወሬው ማታውኑ ዕድር ደረሰ። ሊቀመንበሩ ገና ከበሩ ላይ አየኝና «ያ ሁሉ ዙረት ለዚህ ነው? ኤሲህ ተበላሸ አሉ!» ብሎ ሳቀ፤ ቤቱ ሁሉ ሳቀ።

አዎ፣ ተበላሽቷል። ምን ይጠበስ?